የዝንጅብል ዳቦ አፍ ያወጣ ዕለት

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፤ አንቺም ጓደኛሽን መቆንጠጥ ተዪ። «መቼ ነው?» የሚል ካለ ከወዲሁ ልንገረው፤ ድሮ ነው። «የት ነው?» የሚል ካለ፣ እዚያ ማዶ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚጠይቀኝ ልጅ ካለ ተረቱን እሱ ይንገረንና እኔ ላዳምጥ።

እሺ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደኛ በሚያወሩበት፣ ዱቄቱም ማሩም ድንጋዩም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አንድ መንደር ነበረ። በዚያ መንደር እመት ኤሊት የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ለራሷስ ቤት አላጣችም፤ በጀርባዋ ተሸክማው ትዞራለች። ጎጆ የቀለሰችው ለዱቄቷና ለማሯ ነው። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ግን ሰማይ ቢደፋ አትለቅም። የመንደሩ ልጆች ሲስቁባት ዘወር ትልና «ቀስ እላለሁ እንጂ አልቀርም» ትላቸዋለች። ዘወር እስክትል እነሱ ሌላ ጨዋታ ጀምረዋል።

አንድ ክረምት ከባድ ጎርፍ መጣ። በማግስቱ እመት ኤሊት ወንዝ ዳር ስትሄድ ቁጥቋጦ ሥር የሚንቀጠቀጥ ነገር አየች። ጠጋ ብላ ብታየው የጅብ ግልገል ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እናትህስ?» አለችው።

ግልገሉ ዞሮ ወንዙን አየ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችውም። «ተነሥ፣ ቤት እንሂድ» አለችው። ስሙንም አደራ አለችው።

መንደሩ ይህን ሲሰማ ተተራመሰ። የበግና የፍየል፣ የጥንቸልና የቆቅ መንደር ነዋ! «እመት ኤሊት አበደች! ጅብ ቤቷ አስገባች!» አሉ። በነሱም አይፈረድም፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ጅብ ያላስለቀሰው ቤት በዚያ መንደር አልነበረም።

እንግዲህ የዚያን መንደር ሥርዓት ስሙኝ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ የልጆች ዳቦ የሚባል በዓል ነበራቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር ሊጥ ያቦካል። ከዚያ ሊጡን ራሱን አስመስሎ ያበጀዋል፤ የበግ ልጅ በግ ያበጃል፣ የጥንቸል ልጅ ጥንቸል ያበጃል። የተጋገረው ሁሉ በትልቅ ሰፌድ ተደርድሮ ዋርካው ሥር ይቀርባል። ሽማግሌው አያ በሬ እያንዳንዱን ዳቦ «የማን ነህ?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል። ዳቦው «የእገሌ ነኝ» ካለ ያ ልጅ የመንደሩ ልጅ ነው። ሰፌዱ ላይ ዳቦ የሌለው ልጅ ግን ከዋርካው ጥላ ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብቻ አትሳቁ። ዳቦዎቹ አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። ለምን? ሊጡን በእርሾ ነዋ የሚያቦኩት! የእርሾ ሥራው ማሳበጥ ነው። ረጅም ጆሮ ይዞ እሳት ላይ የወጣው ዳቦ ጆሮው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይወርዳል። ቀንድ ያለው ቀንዱ ይጠፋል፣ አፍ ያለው አፉ ይዘጋል። ሁሉም ድቡልቡል ብሎ የአያ በሬን ሆድ መስሎ ቁጭ። አፉ የተዘጋ ዳቦ ከየት አምጥቶ ይናገር? እነሱ ግን «ዳቦ ኩሩ ነው፤ ለሽማግሌም አይመልስ» ይላሉ። ስለዚህ እናቶቹ በዳቦው ፈንታ ይመልሳሉ። «የኔ ልጅ ነው!» «ኧረ በፈጠረሽ፣ የኔ ነው!» እየተባባሉ በየዓመቱ ይጣላሉ። እርሾውን እንተወው ያለ ግን አልተገኘም። ያለ እርሾ የተጋገረ ቂጣ ነው፤ ቂጣ ደግሞ የመንገደኛ እንጂ የበዓል አይደለም ባዮች ናቸው።

የዚያን ዓመት በዓሉ ሲቃረብ መንደሩ ተሰበሰበ። እመት ፍየሊት ብድግ አለች። እመት ፍየሊት ማለት የመንደሩ እርሾ ሁሉ ከማድጋዋ የሚቀዳ፣ አፏ የማይዝል ሴት ናት።

«አያ በሬ፣ የጅቡን ልጅ ነገር ምን ይሉናል?» አለች።

አያ በሬ አመነዠኩ፣ አመነዠኩ፤ ዋጡና «ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ። «በበዓሉ ቀን ዳቦው ሰፌዱ ላይ ከተገኘ ይኖራል። ካልተገኘ በዚያው ዕለት ወደ ገደሉ ይሸኛል።»

እመት ኤሊት ይህን ሰማች። ገደሉን ታውቀዋለች። እዚያ ነብር አለ፣ ዘንዶ አለ፤ እናት የሌለው ግልገል እዚያ አንድ ሌሊት አያድርም። «እንዲያ ከሆነ ዳቦ እንጋግራለና» አለች፤ ተነሥታም መንገድ ጀመረች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ እመት ፍየሊት ቤት ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት ፍየሊት?»

«ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«እርሾ ፈልጌ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

«ለልጄ?» ፍየሊት ጢሟ ቆመ። «ያን ባለ ጥርሱን ነው ልጄ የምትይው? እህቴን ማን በላት? አክስቴን ማን በላት? ዛሬ እርሾ ብሰጠው ነገ ታፋዬን ይጠይቀኛል!»

«እህትሽን የበላት እሱ አይደለም። እሱ ያን ጊዜ አልተወለደም።»

«የእባብ ልጅ እባብ ነው!»

እርሾውም ከማድጋው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ «እኔ የሌለሁበት ዳቦ! ወይ ጉድ! እስቲ እናያለን!» አለ።

«ቀስ እላለሁ እንጂ አልቀርም» አለች እመት ኤሊትና ልትወጣ ዞረች። ፍየሊት በሩን በላይዋ ላይ በኃይል ልትዘጋ አስባ ነበር፤ ኤሊት ከደጃፉ እስክታልፍ ቆማ ብትጠብቅ ንዴቷ በረደባት። በመጨረሻ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እመት ኤሊት በጓሮው በኩል ስታልፍ፣ ከአጥሩ ሥር ከአፈር ብቅ ያለ፣ ጣቱ የተቆለማመመ እጅ የመሰለ ነገር ጠራት።

«እመት ኤሊት! ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ዝንጅብል ነው።

«ከሰማህማ ምን ላድርግ?» አለችው።

«እኔን ንቀዪና ውሰጂኝ።»

«አንተ ደግሞ ሊጥ ታስነሣለህ?»

«ሊጥ አላስነሣም። ቅመሺኝና ምን እንደማደርግ እይው።»

ጫፉን ቀመሰችው። ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ምላሷ ነደደ፤ ከዚያም «እህህ! አቤት! እፍፍፍ!» እያለች መለፍለፍ ጀመረች። በዕድሜዋ እንዲህ ፈጥና ተናግራ አታውቅም።

«አየሽ?» አለ ዝንጅብል። «እርሾ አፍ ይዘጋል። እኔ የገባሁበት አፍ ግን ዝም አይልም።»

ነቅላ ወሰደችው።

ቤት ስትደርስ ዱቄቱ ከስልቻው ውስጥ አኮረፈ። «ያለ እርሾ? እኔን የስንዴውን ልጅ ቂጣ ልታደርጉኝ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ማር ከቅሏ ውስጥ ረጋ ብላ «አትቆጣ፣ ወንድሜ» አለችው። «ዝንጅብሉ ያሞቅሃል፣ እኔ እይዝሃለሁ። የተያዘ ነገር አይወድቅም።»

ዱቄቱ አጉረመረመ እንጂ እምቢ አላለም። ደግሞስ እምቢ ቢል ሌላ ዱቄት የት አለ? ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሷው ዱቄት ብቻ ነበረች። ተበልታ ብታድር ለሰፌዱ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ እመት ኤሊትና አደራ ውሃ ጠጥተው ዋሉ።

ከዚያ እሳት መጣ፤ ማለቴ እሳት ጠፋ። ምድጃቸው ከስሞ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ከጎረቤት ፍም መጫር ነው። ይሁን እንጂ እመት ፍየሊት ቀድማ በየደጁ ዞራለች። «ለኤሊት እሳት የሰጠ የጅብ ወዳጅ ነው» ብላለች።

እመት ኤሊት ጥንቸል ቤት ሄደች። «እሳት አጣን» አሉ፤ ጭሱ በጣራቸው ይትጎለጎላል። ቆቅ ቤት ሄደች። «አሁን ገና ከሰመብን» አሉ፤ ወጡ ይንተከተካል። በግ ቤት ሄደች። እዚያስ የሚመልስም አልነበረ፤ ሁሉም ትንፋሻቸውን ውጠው በሩ ኋላ ተሸጉጠዋል።

«እማ፣ እንመለስ» አለ አደራ ጅራቱን ቆልፎ። «እኔ ወደ ገደሉ እሄዳለሁ። አንቺ በኔ ምክንያት ጎረቤት አትጪ።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። ያን ያህል ተቆጥታ አታውቅም። «ቀስ እላለሁ እንጂ አልቀርም። ሰምተሃል? ነግሬሃለሁ!»

ወደ ወንዙ ወረዱ። እዚያ ባልጩት ድንጋይ ጥላ ሥር ጋለል ብሎ ነበር።

«ላዬ ቢቀዘቅዝም ሆዴ ውስጥ እሳት አለ» አለ ባልጩቱ። «የሚመታኝ አጥቼ እንጂ።»

የእመት ኤሊት እጅ አጭር ነው፤ ለመምታት አይሆንም። አደራ ሌላ ድንጋይ አነሣና መታ። ምንም የለም። መታ፤ ምንም የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ከአናት ወረደች፤ እሱ አሁንም ይመታል። መዳፉ ተላጠ።

«እማ፣ አልበራም።»

«ድገመው።»

ደገመው። ያኔ ብልጭ አለችና ደረቁ ሣር ላይ አረፈች። ትንሽ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ እሳት ዓይኑን ገለጠ።

«ማነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ?» አለ እሳቱ።

«እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አለ አደራ ወደ ኋላ እያለ።

እሳቱ እጁን አየው። «ደምተሃል እኮ» አለ። «እንግዲያው ያንተን ዳቦ አላሳርርም፤ ቃሌ ነው።»

እሳቱን በሸክላ ስብርባሪ ይዘው ቤት ገቡ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላዩ ላይ ጣዱና እስኪግል ማቡካት ጀመሩ። ዝንጅብሉ ተወቀጠ፣ ማሩ ፈሰሰ፣ ዱቄቱ ገባ። ሽታው በበሩ ስንጥቅ ወጣ፣ አጥሩን ዘለለ፣ መንደር ለመንደር ዞረ። ሽታ የማንን ቤት ከማን አይለይም። ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ሥር ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ የጥንቸል ልጅ ናት። ከኋላዋ የቆቅ ጫጩት አለች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች ጥንቸሊት።

«እናትሽ ታውቃለች መምጣትሽን?» አለች እመት ኤሊት።

«አታውቅም።»

«እንግዲያው እጅሽን ታጠቢና ግቢ።»

አቤት ያን ቀን የነበረው ጨዋታ! ሊጡን አሹ፣ ጠፈጠፉ፣ ደባለቁ። ልጆቹ ከየጓዳቸው ካመጡት ጥሬ ለዓይን ኑግ ተከሉ፣ ለቁልፍ ሽምብራ ደረደሩ፣ ለጢም ጭድ ሰኩ። ጫጩቷ ክንፍ ማበጀት አቅቷት ሊጡ ላይ በእግሯ ቆመችበትና «ይሄ ፊርማዬ ነው» አለች። ጥንቸሊት ትንሽ ጎጆ ሠራች፤ ጣራዋን በማር ብትለጥፈው ተንሸራቶ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እመት ኤሊት ራሷ አንገቷ ቅርፊቷ ውስጥ እስኪገባ ሳቀች።

በዚህ መሐል እመት ፍየሊት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ታይ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» ብላ ጮኸችና ሄደች። ሄደች ስላችሁ የሄደች መስሏችሁ ነው።

አደራ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። እመት ኤሊት ቀረብ ብላ አየችው። ያበጀው ምስል ረጃጅም ጆሮ አለው። አፉም ትንሽ ነው፤ ጥርስ የለበትም።

«ይሄ ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ እንዲህ ያለ ጆሮ አለህ እንዴ?»

ቀስ ብሎ «እማ፣ ጥርስ ካለኝ ይፈሩኛል» አላት። «ጥንቸል ብሆንስ ምን አለበት? ለአንድ ቀን ብቻ።»

እሺ ልትለው ምንም አልቀራት። ልጁ ይግባ እንጂ ጆሮው ቢረዝም ማን ይጎዳል? አሰበች፣ አሰበች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ስማኝ፣ ልጄ። ጥንቸል ሆነህ ከገባህ የገባችው ጥንቸል ናት። አንተ ውጭ ቀርተሃል ማለት ነው። ፈርሰህ ተሠራ።»

አደራ አለቀሰ። እያለቀሰ የምስሉን ጆሮ ቆረጠና ክብ አደረገው። ጀርባውን እንደ ራሱ ጀርባ አዘቀዘቀው። አፉን ሰፋ አድርጎ ከፈተና በሰሊጥ ጥርስ ተከለለት። እየሠራ ሆዱ ይጮኻል፣ ምራቁ ሊጡ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጊዜ ወደ አፉ አስጠጋው። ማንም አላየውም። መለሰና መሥራቱን ቀጠለ።

ድንጋዩ ሳይግል እንጨት አለቀባቸውና ሁሉም ለቀማ ወጡ። የተበጀውን ሊጥ ሁሉ ገበታ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። አደራ ብቻ «ጅራቱ አላማረኝም» ብሎ የራሱን ይዞ ወጣ።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? እመት ፍየሊት ዘው አለች። ሽታው አእምሮዋን ነስቷታል። ገበታውን ከነሊጡ፣ ከነጎጆው፣ ከነጫጩቷ ፊርማ አቅፋ እብስ አለች።

ሲመለሱ ባዶ ቤት። ጥንቸሊት ጮኻ አለቀሰች፤ ጫጩቷ ተከተለቻት። እመት ኤሊት ስልቻውን አራገፈች፤ ብናኝ ብቻ ወጣ። ቅሏን ገለበጠች፤ አንድ ጠብታ ማር እንኳ አልወረደም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ሰበሰበች።

«እማ» አለ አደራ። እጁን ዘረጋ። «ይሄ አለ።»

አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። ትንሿ የሊጥ ጅብ እጁ ላይ ናት፤ ጆሮዋም ጥርሷም አልጎደለ።

«አልበላኸውም?»

«ለነገ ነው አልሽኝ እኮ።»

ሰው «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይላል። የአደራን አያያዝ ያየ ግን ጭብጦውን ለመቀማት አይነሣም። እመት ኤሊት ሊጧን ተቀብላ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችና በጋለው ድንጋይ ላይ አኖረቻት። እሳቱ ቃሉን ጠበቀ። ሳያንስ ሳይበዛ፣ ቡናማ አድርጎ አበሰላት።

እመት ኤሊት ያላየችውን እኔ ልንገራችሁ። ፍየሊት ቤቷ ገብታ ማድጋውን ስታነሣ፣ ሊጡ ውስጥ ያለው ዝንጅብል «ተይ፣ እመት ፍየሊት! እርሾ አትጨምሪብኝ!» ብሎ ነበር።

«ሊጥ ሆነህ ልታስተምረኝ? እርሾ የሌለው ዳቦ በኔ ቤት!» አለችው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ደፍጥጣ፣ ከእርሾ ጋር ለውሳ፣ የፍየል ግልገል አድርጋ ሠራችው። ልማድ አይደል? እርሾውም ደስ ብሎት ነፋው፣ ነፋው፣ ነፋው። ዳቦው አብጦ መክደኛውን አስፈነጠረ፣ ጎኑ ተሰነጠቀ። ቀንድ የለ፣ ዓይን የለ፣ አፍ የለ።

ነጋ። መንደሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ወጣ። ሰፌዱ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ድቡልቡሎቹ ተደረደሩበት። እመት ኤሊት ከሁሉ ኋላ ደረሰች። ትንሿን ዳቦ ሰፌዱ ጫፍ ላይ አኖረችና ከአደራ አጠገብ ቆመች። ግልገሉ ቅርፊቷን ተደግፏል።

አያ በሬ ጠየቁ። ድቡልቡሎቹ ዝም አሉ፤ እናቶቹ ጮኹ፣ እንደ ወትሮው ተጣሉ። የእመት ፍየሊት ተራ ሲደርስ «የኔ ግልገል ነው፤ ትልቅነቱን አያዩም?» አለች። በመጨረሻ አያ በሬ ጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ ዳቦ ደረሱ።

«አይጠየቅም!» አለች ፍየሊት ዘላ። «ይሄ እርሾ ያልነካው ቂጣ ነው!»

«ቂጣ ይሁን ዳቦ እሱው ይንገረኝ» አሉ አያ በሬ፤ አጎነበሱና «የማን ነህ?» አሉት።

ዝም።

«የማን ነህ?»

«ኧጥሺ!» አለ ዳቦው። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«የማን ነህ?»

«የአደራ ነኝ!» አለ ዳቦው በተከፈተ አፉ፤ ዝንጅብሉ አላስችል አለው። «ያበጀኝ እሱ ነው። ሲያበጀኝ ሆዱ ባዶ ነበር። ምራቁ ጀርባዬን ሲያርሰኝ ዋለ። አንድ ጊዜ ወደ አፉ አስጠግቶኛል፤ ጥርሱን አይቻለሁ፣ ትንፋሹ ሞቆኛል። ጥግ ላይ ነበር፣ ማንም አላየውም። አልበላኝም! በእጁ ይዞኝ ዋለ፣ አቅፎኝ አደረ። ወንድሞቼም እዚህ አሉ፤ ያ ትልቁ ውስጥ ናቸው። አብጠው አፋቸው ተዘጋ እንጂ ይነግሯችሁ ነበር።»

የፍየሊት ግልገል የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገችና «እማዬ፣ ለካ ዳቦዬ ዝንጅብል ዝንጅብል የሸተተኝ ለዚህ ነው?» አለቻት።

እመት ፍየሊት ጢሟን አቀረቀረች። «ፈርቼ ነው» አለች። «ሌት ተቀን እህቴ ትታየኛለች። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እመት ኤሊት። «ለሊጡ ግን ብትለምኚኝ እሰጥሽ ነበር።»

አያ በሬ ቀና አሉና «ዳቦው ተናግሯል። ይህ ልጅ የመንደሩ ልጅ ነው» ብለው አወጁ። ዳቦውን አንሥተው ለአደራ ሰጡት። «ብላ እንግዲህ፣ ልጄ።»

አደራ ዳቦውን አየው። «ልበላህ እኮ ነው» አለው፤ አሳዘነው።

«ብላኝ እንጂ! ታዲያ የተጋገርኩት ለጌጥ ነው?» አለ ዳቦው። ሕዝቡ ሳቀ። አደራም ዋጥ፣ ስልቅጥ። አለቀች። ከዚያ በቀረው ረሃብ ሰፌዱን አየ፤ አየ እንጂ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን ያየችው ፍየሊት ናት። ከትልቁ ዳቦዋ ገመሰች። ወደ ኋላ እያለች ወደ ፊት እየሄደች፣ አደራ ፊት ደረሰች። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። አደራ አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ጥርሱን በከንፈሩ ሸፈነና ዳቦውን ከመዳፏ ላይ በከንፈሩ ብቻ አነሣው። ፍየሊት ዓይኗን ስትገልጥ ጣቶቿ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ቆጠረቻቸውና አለቀሰች።

ይኸውላችሁ፣ ልጆቼ። ሰው ጠግቦ በሰጠው አይታወቅም፤ ርቦት ሳለ፣ የሚያየው ሳይኖር፣ ባልነካው ይታወቃል።

እኔ ተረቴን ዘርግፌ ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ዳቦ ያለው ይቁረስልኝ፣ የሌለው ውሃ ያቀብለኝ፣ እንቅልፍ የመጣበት ደግሞ እቅፌ ይግባ።